ሥራ የፈታ ፍሬን

ዓርብ ረፋድ ነበር፤ እጄን ልታጠብ ስል፣
ያለ ድምፅ መጣች አንዲት መኪና እንደ ምስል።
ወረደች ከውስጧ ሲሃም፣ የሱላም አዋላጅ፤
ዓይኗ ቀልቷል፤ አድራለች ከማዋለጃው ደጅ።
«ትሸታለች» አለችኝ፣ «የተቃጠለ ነገር፤
ከቤቴ ቁልቁል ስወርድ፣ ስቆም፣ ስነሣ፣ ስዞር።
ባትሪው ነው? ልሽሽ ወይ?» አለች እየሳቀች፤
ከሳቋ ሥር ግን፣ ያስታውቃል፣ ፈርታለች።
በሰባራ ዕብራይስጥ፣ እሷም እኔም፣ ሁለታችን፤
ሽታ በቃል አይያዝ፤ ተግባባን በአፍንጫችን።

መጀመሪያ ጎረቤቴን፣ ሱፍ የሚቆላውን ጠረጠርኩ፤
ዓርብ ዓርብ አፉላ እሱን ናት። መስኮት ዘጋሁ፣ አሸተትኩ።
አይ። ከሷው ነው።

ኮምፒውተሩን ሰካሁ። አሰበ፣ አሰላሰለ፤
አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ «ጥፋት የለም» አለ።
አፍንጫ የሌለው ዳኛ።
የቻርጀሩን አፍ ከፈትኩ፤ አልጠቆረም፣ አልቀለጠም፤
ሽቦውን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ልባሱ አልተላጠም።
ፊውዝ በፊውዝ ነቀልኩ፤ ማሞቂያውን አስነሣሁ፤
ከሥሯ ተንጋልዬ፣ የተጣበቀ ፌስታል ፈልጌ አጣሁ።

ከደጅ፣ ባሮጌ ጎማ ላይ፣ አባቴ አለ ተቀምጦ፤
የሚመጣ የሚሄደውን የሚመዝን አፍጦ።
ሠላሳ ዓመቱ ከመጣ፤ ሃያውን ፋብሪካ ጠረገ፤
ወገቡ እምቢ ሲል ጊዜ፣ ይህን ጎማ ወንበር አደረገ።
በፊት ግን፣ በሰቀልት፣ ከአባቱ ወናፍ ሥር፣
ማረሻ ሲቀጠቀጥ ያደገ ልጅ ነበር፤
ጠዋት ማረሻ ያሠራ፣ ማታ «ቡዳ» ሲለው የነበር።
ስለዚህ ብዙ አያወራም።

ተነሣ። ዘንጉን ያዘ። መኪናዋን አንዴ ዞራት፤
እንደ ከብት ገዢ ጎንበስ ቀና እያለ አሸተታት።
«ይህ የመብራት አይደለም። መብራት ሲቃጠል ይመራል፤
ምላስ ሥር ይቀመጣል። ይህ ደረቅ ነው፤ ይከረክራል።
ፍትጊያ ነው። አንድ ነገር አንድ ነገር ላይ እልህ ይዞ፤
ልቀቅ ቢሉት የማይለቅ፣ በገዛ ቦታው ደንዝዞ።»

የእጁን ጀርባ ወደ ጎማዎቹ አስጠጋ፦
ፊተኛው ግራ፣ ለብ ያለ።
ፊተኛው ቀኝ፣ ለብ ያለ።
ኋለኛው ግራ፣ ምንም።
ኋለኛው ቀኝ —
እጁን ሰበሰበ፤
ፈገግ አለ።

በክሪክ አነሣኋት፤ ቸርኬውን ላሽከረክር፣
እምቢ አለ፤ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱ ወደኔ አይዞር።
ካሊፐሩን ፈታሁት፦ ትንሿ ተንሸራታች ፒን፣
ዝጋ ከቤቷ ተጣብቃ፣ ሸራው አንቆ ዲስኩን።

«ግን እኔ ፍሬን አልረግጥም!» አለች ሲሃም፤
«እግሬን ሳነሣ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤
ከቤቴ እስከ ሆስፒታል አንዴም አልነካው።»
«እሱ ነው በሽታው» አልኳት፤ «ሞተሩ ሥራውን ወስዶበት፣
ሥራ የፈታ ፍሬን፣ ክረምቱ ዝናቡ ገባበት።»

ፒኗን በዘይት ነከርኳት። መታሁ። አልወጣችም።
ደገምኩ። ጥርሴን ነከስኩ። ንቅንቅ አላለችም።
«ስጠኝ» አለ አባቴ።

እጁና የመዶሻው እጀታ ጥቂት ተያዩ።
ጣቶቹ ቀስ ብለው ታጠፉ፤
አንዱ እምቢ አለ፤
በሌላው እጁ ይዞ አጠፈው።
ሁለቴ ነካ አደረጋት፤ ሁለቴ ብቻ፣ በቀስታ፣
የዘመድ በር እንደሚያንኳኳ፣ ሰው ሲመሽበት በማታ።
ወጣች።

በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ፤ ግራሶ ቀባሁ፤ ገጠምኩ፤
አንድ ጣት ገፋው፤ ዞረ። እስኪቆም ድረስ ቆጠርኩ።
«ቁልቁለቱ ላይ» አልኳት፣ «ከኋላሽ ሰው ሳይኖር፣
አልፎ አልፎ ጠንከር አርገሽ ርገጪው።
ይሥራ።»
አባቴን በዐረብኛ መረቀችው፤
እሱም ባልገባው ምርቃት «አሜን» አለ።

ሄደች፣ ያለ ድምፅ። ሰንበት ሊገባ ነው።
ዕቃዬን ልሰበስብ ዞር ስል፣
መዶሻው እጉልበቱ ላይ ነው።
አልጠየቅኩትም።
አየሩን ሳበ። «ደግሞ አሁን የሚሸተውስ?»
«ሱፍ ነው፣ አባ። የጎረቤት።»
«እሱስ» አለ፣ «አሳርሮታል።»